የኤስ. ደቅሲሳ ጥቅሶች

ክረምቱ ሊገባ ሲል በኮሌጃችን በር ላይ የዶክተር ሰይፈ ሚካኤል ደቅሲሳ ፎቶ ያለበት ትልቅ ባነር ተሰቀለ። መቱ ውስጥ በዚያ ወቅት የተሰቀለ ሸራ ሁሉ ከታች ጀምሮ ይሻግታል፤ የእሱም ክራባት ብዙ ሳይቆይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አወጣ። ከፎቶው ሥር «በፓቶሎጂና በቁሳቁስ ኬሚስትሪ ከሁለት ሺህ በላይ ጥቅስ ያገኙ ምሁራችን» ይላል። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ሳልፍ ሊያስመልሰኝ እንደሆነ ሁሉ አፌ ምራቅ ይሞላ ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳ። እኔና ሰይፈ ሚካኤል ሁለታችንም የፓቶሎጂ ሐኪሞች ነን። ከሰው አካል የተቆረጠ ሥጋ ወይም በመርፌ የተቀዳ ፈሳሽ በስላይድ ላይ ተደርጎ ይመጣልናል፤ በማይክሮስኮፕ አይተን በሽታው ምን እንደሆነ እንጽፋለን። አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ለዓመታት ሠርተናል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት እሱ ከኬሚስትሪ ጋር የነበረው ዝምድና ማቅለሚያ ሲያልቅ የላቦራቶሪ ሠራተኞችን መቆጣት ብቻ ነው። ያሳተማቸው ጽሑፎች ዘጠኝ ናቸው። አብዛኞቹ ስለ አንገት እጢ ሲሆኑ ከፊሎቹን አብረን ጽፈናቸዋል። መጥፎ አይደሉም። በዓለም ላይ የጠቀሷቸው ሰዎች ግን ቢሰበሰቡ አንድ ሚኒባስ አይሞሉም።

ሁለት ሺው የመጣው ከስሙ ነው። የሳይንስ ጽሑፎችን የሚመዘግቡት የውጭ አገር ድረ ገጾች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙና የሰውየውን የራሱን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሩታል። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም የአባቱ ነው። እዚያ ግን ሰይፈ ሚካኤል የሚለው ይጠፋና «ኤስ. ደቅሲሳ» ይሆናል። ሴና ደቅሲሳም «ኤስ. ደቅሲሳ» ትሆናለች። ሁለቱ ሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ የአባቶቻቸው ስም ገጠመ እንጂ። የአንድ ኮሌጅ መምህራን በመሆናቸው ማሽኑ አንድ ሰው አደረጋቸውና የሴናን ጽሑፎች በሙሉ እሱ በከፈተው ገጽ፣ በእሱ ፎቶ ሥር ደረደራቸው።

ሴና የሁሩሙ ወረዳ ልጅ ናት፤ ኮሌጃችን ውስጥ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። የቡና ገለባ አቃጥላ ከሰል ታደርገዋለች፤ ከሰሉን ከዚንክ ጋር አዋህዳ የፋብሪካ ቀለም ከውሃ ውስጥ የሚመጥ ዱቄት ትሠራለች። ዘዴው ርካሽ ነው፣ ደግሞም ይሠራል። ስለዚህ ሕንድም ብራዚልም ያሉ ሰዎች እየተከተሉ ሞክረውታል፤ በሞከሩት ቁጥርም ስሟን ጠቅሰዋል። ገለባው የሚመጣው ከአባቷ ጓሮ ነው።

ማሽኑን አልጠየፈውም። ማሽን ይሳሳታል። ግን ከእያንዳንዱ ጽሑፍ አጠገብ «ይህ የእኔ አይደለም» የሚል ቁልፍ አለ። ሰይፈ ሚካኤል ነገሩን መጀመሪያ ያየ ቀን ስቆ ነበር። «ትህትና፣ ነይማ ጉድ ተመልከች፤ ተኝቼ ኬሚስት ሆኜ አደርኩ» አለኝ። አውጣቸው አልኩት። ኔትወርኩ ሲስተካከል አወጣቸዋለሁ አለ። ኔትወርኩ ተስተካከለ። ወር ሳይሞላ ሳቁ ቀረና «ሁለቱ መስኮቼ» እያለ ማውራት ጀመረ። እንደ ሴና ዱቄት ያለው ደቃቅ ናኖ ለካንሰር ሕክምናም ይውላል፣ ሥጋም ቢሆን ያው ቁስ ነው፣ ይል ነበር። የምርምር ዘርፉ ኃላፊ ጌድዮን ይህን ሲሰማ ኮሌጁ በደረጃ ሠንጠረዡ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ ታየው። ባነሩን ያሠራው እሱ ነው።

ሴና የባነሩ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያወቀችው የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሊቀበላት ሲል ነው። ከኮሌጁ የሚፈለገው ነገር አንድ ነበር፤ ጽሑፎቹ የእርሷ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የድጋፍ ደብዳቤ። ጌድዮን ገጹን ከፈተ፤ በጽሑፎቿ ራስጌ ላይ የሰይፈ ሚካኤልን ፎቶ አገኘ፤ ነገሩን ስርቆት ብሎ ሰየመው። ሴና በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ቀረበች። እኔ የኮሚቴው አባል ነበርኩ።

ጽሑፎቹን ከፍተን እንያቸው አልኩ፤ ሙሉ ስሟ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ አንድም አናባቢ ሳይጎድል፣ በሁሉም ላይ ተጽፏል። ጌድዮን ድረ ገጹ ዓለም አቀፍ መሆኑን፣ እኛ ከዓለም በላይ መሆን እንደማንችል አስረዳን። አዲስ አበባ ያለው የሁለተኛ ዲግሪ አማካሪዋ አብሯት እንደሠራ ጽፎ በኢሜይል ልኮ ነበር፤ ጌድዮን ማኅተም የለውም ብሎ መለሰው። ከዚያ ሰይፈ ሚካኤል ምን እንደሚል ተጠየቀ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ወጣት ናት» አለ። «እኔ በበኩሌ ይቅር ብያታለሁ።»

ሴና ሳቀች። ሳቋ በቃለ ጉባኤው ላይ «ለኮሚቴው ንቀት አሳይታለች» ተብሎ ገባ።

የተወሰነው ይህ ነው። ሁለቱ በሽማግሌ ከታረቁ ክሱ ይዘጋል፣ ደብዳቤውም ይጻፍላታል፤ ግን ሰይፈ ሚካኤል እንደ ዋና ተመራማሪ፣ እሷ እንደ ረዳቱ ተደርገው። ካልታረቁ ደብዳቤ የለም፣ የመስከረም ውሏም አይታደስም። ጌድዮን ስብሰባውን ሲዘጋ «የአባታችሁ ስም እንኳ አንድ ነው፤ ወንድምና እህት ሁኑና ገላግሉን» ብሎ ቀለደ። ሁለት ሰዎች ሳቁለት።

ዕርቁ ሁሩሙ በአባቷ ቤት እንዲሆን ተደረገ። ሽማግሌ ሆነው የተመረጡት ጎረቤታቸው ኦቦ ቀነዓ ናቸው፤ የአጥቢያቸው ጸሎት ቤት ሽማግሌ፣ በንጽሕናቸው የተከበሩ ሰው። ሰይፈ ሚካኤል ሳይጠይቀኝ የእሱ ምስክር አድርጎ ስሜን አስመዝግቧል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው እዚያ ይኑር ብዬ ሄድኩ። በኮሌጁ መኪና ከመቱ እስክንደርስ እሱ ተኝቶ ነበር፤ የሚያንኮራፋውም እንደ ንጹሕ ሰው ነበር።

ኦቦ ደቅሲሳ፣ የሴና አባት፣ ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፤ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የገለባ ክምር ዝናብ እንዳይመታው በላስቲክ ተሸፍኗል። እንግዶቹ በሙሉ ከተቀመጡ በኋላ ሴና ገባችና ከአባቷ ጀርባ ተቀመጠች። ኦቦ ቀነዓ በኦሮምኛ ጸልየው ጉዳዩን አስረዱኝ አሉ። ጌድዮን ሳይቴሽን ለሚለው ለሽማግሌ የሚሆን ቃል ሲፈልግ ባነሩ ላይ ያስጻፈውን ደገመው።

«አባቴ፣ ጠቡ የጥቅስ ጉዳይ ነው።»

«የጥቅስ?»

«አዎ። ከሁለት ሺህ በላይ ጥቅስ አለ። የዶክተር ናቸው የሚል አለ፣ የኔ ናቸው ትላለች እሷ።»

ኦቦ ቀነዓ ሰይፈ ሚካኤልን ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው የፍርድ ጥብቅነት ለቀቀና በቦታው አክብሮት መጣ። ዕድሜ ልካቸውን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ ኖረው በቃላቸው የያዙት ጥቅስ መቶ እንኳ እንደማይሞላ ነገሩን። በዚህ ዕድሜው ሁለት ሺህ የያዘ ሰው በአካል አይተው አያውቁም። ግን አንድ ነገር አልገባቸውም፤ ሁሉም ያለው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሆኖ ሳለ እንዴት ያጣላል?

አፌን ከፈትኩ። ጌድዮን ክንዴን ያዝ አድርጎ መጀመሪያ ሽማግሌ ይጨርስ አለኝ። ሰይፈ ሚካኤልን አየሁት። የሽማግሌው ስህተት ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ የከንፈሩ ጫፍ ለአፍታ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው አንገቱን ትሕትና እንደተሞላ ሰው ደፋ።

ኦቦ ቀነዓ ፈረዱ። ቃሉ የፈጣሪ ነው፣ ማንም የኔ አይልም፤ እሱም ይጥቀስ፣ እሷም ትጥቀስ። እሱ ታላቅ ስለሆነ ስሙ ይቅደም፤ እሷ ይቅርታ ትጠይቀው፣ እሱ ይመርቃት።

«አሜን» አለ ሰይፈ ሚካኤል።

በሥራዬ ብዙ የሚያስጠይፍ ነገር አይቻለሁ። የመገለ እጢ ሽታ ከእጄ አልለቅ ብሎኝ እንጀራ በማንኪያ የበላሁበት ቀን አለ። ያቺን አሜን የሚያህል ግን አላጋጠመኝም። ሴና ልትነሣ ስትል አባቷ ሳይዞሩ «ጨሊሲ» አሏት፤ ዝም በይ ማለት ነው። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ልጃቸው ደብዳቤዋን ይዛ እንድትሄድላቸው ነው የፈለጉት። መልሳ ተቀመጠች።

ለዕርቁ በግ ታርዷል። አገሩ እንደሚያውቀው፣ ከዕርቅ ማዕድ ያልቀመሰ ሰው ዕርቁን አልተቀበለም። ጥሬው ጉበት ቀድሞ በትሪ መጣ። በጎቹ የሚግጡት በሽታ በማይጠፋው ረግረግ ላይ ስለሆነ ኦቦ ደቅሲሳ ተጠራጥረው ነበር መሰለኝ፣ ትሪውን ሰይፈ ሚካኤል ፊት አቆሙት።

«የበሽታ ሊቅ ነዎት ይባላል። እስቲ ይዩልን።»

እሱ ከጌድዮን ጋር ስለ ፕሮፌሰርነቱ ማዕረግ እያወራ ነበር። ትሪውን በጣቱ ጫፍ ወደ ራሱ ዘንበል አደረገ፣ ዓይኑ ግን ከጌድዮን አልተነሣም። «ንጹሕ ነው፤ የሕፃን ጉበት ይመስላል» አለና ጎረድ አድርጎ ጎረሰ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ትሪው እኔ ጋ ደረሰ። የጤነኛ በግ ጉበት ጠርዙ ስል ነው፣ ገጹ ልስልስ። የዚህኛው ጠርዝ ደንዝዟል፤ ገጹ ሻካራ ሆኖ ነጫጭ ገመድ የሚመስሉ መስመሮች ቆመውበታል። ቢላውን አሳረፍኩበት፤ አሸዋ እንደነካ ድምፅ ሰጠ። የተቆረጠውን ወገን ብጫነው ቡናማ ዝቃጭ ወጣ፤ ከዝቃጩ ጋር ጠፍጣፋ፣ ትንሽ ቅጠል የሚያህል ነገር ተንሸራቶ ትሪው ላይ ወደቀ። ጫፉን ሰብስቦ ዘረጋ። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

ኦቦ ቀነዓ አዩኝ። «ዶክተር፣ አልቀመሱም። ዕርቁ አልተስማማዎትም?»

«ትል አለበት፣ አባቴ።»

ሰይፈ ሚካኤል አፉ ሙሉ ነበር። «የሐሞት ቧንቧ ነው» አለ፤ «ትህትና ከልክ በላይ ትጠነቀቃለች።»

ትሪውን አዙሬ ፊቱ አደረግሁት። ትሉ እንደገና ተኮማተረ። ጌድዮን እጁን በአፉ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ሮጠ። ሰይፈ ሚካኤል ግን በሽማግሌ ፊት ሊተፋ አልቻለም። ጉሮሮው ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። ዋጠው።

«ይዩልን ብለንዎት ነበር» አሉ ኦቦ ቀነዓ። «አይተውት ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ምን አዩ?»

ውጭ ጌድዮን ሲያስመልሰው ይሰማል። ያን ጊዜ ነው ሴና ከአባቷ ጀርባ የተናገረችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«የኔንም ጽሑፎች ያያቸው እንዲሁ ነው።»

«የምን ጽሑፍ?» አሉ ኦቦ ቀነዓ። «ጥቅስ አላላችሁም?»

ሴና በኦሮምኛ ጀመረች፣ መካከል ላይ ለእኔም እንዲገባኝ ነው መሰለኝ ወደ አማርኛ ዞረች። እሷ የአባቷን ገለባ አቃጥላ ምን እንዳገኘች ጻፈች። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ያን አነበበ፣ በራሱ ገለባ ሞከረ፣ ሠራለት። ከዚያ እሱም ሲጽፍ «ይህን ያገኘሁት ከሴና ነው» አለ። ይኼ ነው ጥቅስ የሚሉት።

«የመጽሐፍ ቅዱስ አይደለም?»

«አይደለም፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ አቀረቀሩ። ያፈረ ሰው አንገት ላይ የሚወጣው ቅላት ጥቁር ቆዳ ላይም ይታያል፤ አየሁት። ከዚያ ወደ ሰይፈ ሚካኤል ዞሩ። ከበር ከገባ ጀምሮ «እርስዎ» ሲሉት ቆይተው ነበር።

«አንተ» አሉት። «አሜን ያልከው ለየትኛው ነው?»

ኦቦ ቀነዓ ተነሡ፣ ውሃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ የፈረዱትን እንዳነሡት በሁሉም ፊት ተናገሩና ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ኦቦ ደቅሲሳ በልጃቸው ላይ ተቆጡ፤ በእንግዳ ፊት አዋረድሽኝ፣ መንገድሽንም በገዛ አፍሽ ዘጋሽው አሏት። እኔን ሲሰናበቱኝ እጃቸውን ሰጡኝ እንጂ ዓይኔን አላዩም። አልፈረድኩባቸውም። ወደ መቱ በኮሌጁ መኪና አልተመለስኩም፤ ገበያተኛ በሞላበት ሚኒባስ፣ የማር ቀፎ ሽታ ያለው ጆንያ ታቅፌ መጣሁ። ሽታው ደስ ይል ነበር።

በጌድዮን ሪፖርት ላይ ዕርቁ «በአየር ጠባይ ምክንያት» መተላለፉ ተጻፈ። ሴና ዕርቁንም ኮሚቴውንም መጠበቅ ተወች። መታወቂያዋንና የአማካሪዋን ምስክርነት አያይዛ ለድረ ገጹ ራሷ ጻፈች። እኔም በበኩሌ ጽፌ ፈረምኩ። መልስ መጣ። የድረ ገጹ ሰዎች ይቅርታ ጠይቀው ስህተቱን በሌላ ስህተት አርመውት ነበር፤ ገጹን ከሰይፈ ሚካኤል ወስደው እንዳለ ለሴና ሰጧት። የእሱ ዘጠኝ የእጢ ጽሑፎችም አብረው ሄዱ። አሁን በድረ ገጹ መሠረት ሴና የፓቶሎጂ ሐኪምም ናት፣ ሰይፈ ሚካኤል ደግሞ በሕይወቱ አንድ መስመር ያልጻፈ ሰው።

ጌድዮን ወደ ሴና ለመገልበጥ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። የሻገተው ባነር ወረደ። ሴናን ፍለጋ እኛ ክፍል ድረስ መጣ፤ እሷም ለፊርማዬ ልታመሰግነኝ መጥታ እዚያው ነበረች። ሰይፈ ሚካኤል እንደ ወትሮው ጀርባውን ሰጥቶን ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቷል።

«የኢሉባቦር ኩራት!» አለ ጌድዮን። የድጋፍ ደብዳቤውን ራሱ ይዞት መጥቷል፤ ተፈርሟል። ለአዲሱ ባነር ፎቶ እንድትሰጠው ጠየቃት፤ ሁለቱም መስኮች ይጻፋሉ፣ ቁጥሩም እንዳለ ይሁን አለ። እሷ የሐኪሙ ጽሑፎች የእኔ አይደሉም ስትለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለምን እንደምትቸኩል ጠየቃት። የደረጃ ሠንጠረዡ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ይቆዩ፤ ላንቺም እዚያ ስትሄጂ ይጠቅምሻል፤ ማንን ይጎዳል? ሰይፈ ሚካኤል አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ይሰማው ነበር።

ሴና ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች። ገልብጣ ማኅተሙን አየች። በላስቲክ ማኅደር ከታ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው፣ ዚፑን ዘጋች። ከዚያ ወንበር ስባ ኮምፒዩተሬ ፊት ተቀመጠችና ገጹን ከፈተች።

«ዶክተር ሰይፈ ሚካኤል» አለች። «የእርስዎ የሆነውን ላውጣልዎት። ይሄ ስለ አንገት እጢ የሚለው የእርስዎ ነው?»

«አዎ» አለ፣ ሳይዞር።

«ይህ የእኔ አይደለም» የሚለውን ተጫነች። ቁጥሩ ትንሽ ወረደ። ጌድዮን «ኧረ በፈጠራችሁ» አለ። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ይጨክናል እንዴ እያለ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ስክሪኑ ይዞራል። እሷ ርዕሱን ታነባለች፤ ሰይፈ ሚካኤል ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይል አዎ ይላል፤ ትጫናለች። የታይሮይድ፣ የጡት፣ የሳንባ ነቀርሳ። አብረን የጻፍናቸው ሲደርሱ እኔም አዎ አልኩ። ዘጠኙ አለቁ። ጣቷን አቆመችና ትንሽ አሰበች።

«ይሄስ?» አለች። «ማቅለሚያን ስለማስወገድ የሚለው?»

በዱቄቷ ከውሃ ላይ ቀለም ስለማንሣት የጻፈችው ነበር፣ ከሁሉም በላይ የተጠቀሰላት። የራሷን ሥራ ጠፍቷት እንዳልጠየቀች፣ ልትፈትነው እንደሆነ ገባኝ። እኛም ስላይድ ማቅለሚያ ስላለን ርዕሱ ለጆሮ የእኛ ይመስላል። ዞር ብሎ ስክሪኑን ቢያይ ስሟን በሙሉ፣ የቡናውንም ገለባ ያነበው ነበር።

«እሱም የኔ ነው» አለ ሰይፈ ሚካኤል፣ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሣ።

ሴና አልተጫነችውም። ገጹን ዘጋች፣ አመሰገነችኝ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጌድዮንን አልፋ ወጣች። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። ዝናብ እየገባ ወረቀቶቼን አራሰ፤ ቢሆንም አልዘጋሁትም።